ግንባታ የተጀመረበት ቤት መድኑ ይሠራል? የቃሊቲ ባለቤቶች የማያዩት ክፍተት

በቃሊቲ መኖሪያ ቤት በአንድ ጊዜ ተሠርቶ አያልቅም። መጀመሪያ ሁለትና ሦስት ክፍል ይቆማል፤ ገንዘብ ሲገኝ ከጓሮ ሰርቪስ ይጨመራል፤ ቤተሰብ ሲበዛ ወይም ኪራይ ሲታሰብ ጣሪያው ተነስቶ ቤቱ ጂ ፕላስ አንድ ይሆናል። ሥራው የሚካሄደውም ብዙውን ጊዜ ቤተሰቡ እዚያው እየኖረ ነው። ከቃሊቲ ጉምሩክ አካባቢ ጀምሮ በአቃቂ በኩል እስከ ቱሉ ዲምቱ ድረስ ባሉት ሰፈሮች ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

ከእነዚህ ቤቶች አብዛኞቹ መድን የላቸውም። በኢትዮጵያ በዓመት የሚሰበሰበው አረቦን ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት 1 በመቶ እንኳ አይሞላም፤ ከዚያም ውስጥ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ተሽከርካሪ ነው። ለመኪና የሦስተኛ ወገን መድን በሕግ ግዴታ ሲሆን፣ ለቤት ግን እንዲህ ያለ ግዴታ የለም። መድን ያለው ቤት ሲገኝ ምክንያቱ በአብዛኛው ባንክ ነው። ቤቱ ለብድር መያዣ ሲሆን ባንኩ የእሳት መድን እንዲገባለት ይጠይቃል፤ ባለቤቱ አረቦኑን ከፍሎ ፖሊሲውን ያስረክባል፤ ከዚያ በኋላ «ቤቴ ኢንሹራንስ አለው» እያለ ይኖራል። ትክክል ነው፤ ግድግዳው እስኪፈርስ ድረስ።

ግንባታ ሲጀመር ቤቱ በሁለት ውሎች መካከል ይወድቃል። የቆየው የእሳት መድን የተዋዋለው ለሌላ ዓይነት ቤት ነው፤ የግንባታ መድን ደግሞ ቢገዛ እንኳ የቆየውን ቤት በራሱ አይሸፍንም። ይህን ክፍተት ለመዝጋት ከማፍረሱ በፊት ለመድን ሰጪው በጽሑፍ ማሳወቅና መልሱን በጽሑፍ መቀበል ያስፈልጋል። አሳዛኙ ነገር ይህን ለባለቤቱ የሚነግረው አካል አለመኖሩ ነው፤ ከሁሉ በላይ ሊነግረው የሚገባው ባንክ እንኳ ዝም ይላል።

ውሉ የሚያውቀው ቤት

የእሳት መድን ዋጋ የሚተመነው ቤቱ ውሉ በተፈረመበት ቀን ባለበት ሁኔታ ነው። ግድግዳው ብሎኬት ነው ወይስ ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው ወይስ ሶለታ፣ ሰው ይኖርበታል ወይስ ባዶ ነው፣ ለመኖሪያ ነው ወይስ ለንግድ? መጠይቁ ላይ የሚሞሉት እነዚህ ናቸው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ስለዚህ ጉዳይ በግልጽ ደንግጓል። በ2013 ዓ.ም. አዲሱ የንግድ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 1243) ሲወጣ ስለ መድን የሚናገረው የቀድሞው ሕግ ክፍል ስላልተሻረ ዛሬም ይሠራል። መድን ገቢው ሲዋዋል ስለ ስጋቱ የሚያውቀውን ሁሉ በትክክል መግለጽ አለበት፤ በኋላም ስጋቱን የሚያከብድ ለውጥ ሲመጣ ማሳወቅ ግዴታው ነው። መድን ሰጪው ደግሞ ሲነገረው አረቦኑን እንደገና ማስላት ወይም ውሉን ማቋረጥ ይችላል።

ቀለም መቀባት ወይም ሴራሚክ መቀየር ስጋትን አከበደ የሚል መድን ሰጪ አይገኝም። ግድግዳ ሲፈርስ፣ ጣሪያ ሲነሳ፣ ኮለን ሲተከል ግን ነገሩ ይለወጣል። የበርና የመስኮት ፍሬም የሚበየደው በዚያው ግቢ ነው፤ የብየዳ ብልጭታ ከፍራሽ፣ ከመጋረጃና ከተከመረ የፎርምወርክ ጣውላ አጠገብ ይረግፋል። የብየዳ ማሽኑ፣ ግራይንደሩና ሚክሰሩ በጊዜያዊ ገመድ ከቤቱ ቆጣሪ ኃይል ይስባሉ፤ የቤቱ የኤሌክትሪክ መስመር ግን የተዘረጋው ለምጣድና ለመብራት ነው። መወጣጫው የባሕር ዛፍ አጣና ነው።

ይህ የቃሊቲ ብቻ ችግር አይደለም። በኅዳር 2018 ዓ.ም. በሆንግ ኮንግ ታይ ፖ በሚባለው አካባቢ፣ ዋንግ ፉክ ኮርት የተባለ የመኖሪያ አፓርታማዎች ስብስብ እድሳት ላይ እያለ በእሳት ተያይዞ ከ150 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ሕንፃዎቹ በቀርከሃ መወጣጫና በመሸፈኛ መረብ ተከበው ነበር፤ በመስኮቶቹ ላይ ደግሞ ለግንባታው ሲባል ፎም ተለጥፎ ነበር። በኑሮ ጊዜ ያልነበረ የሚቀጣጠል ነገር በእድሳት ጊዜ ቤቱን ከበበው ማለት ነው። የሕንፃዎቹ ቁመት ከቃሊቲ ቤት ጋር አይወዳደርም፤ ሰው እየኖረበት የሚታደስ ቤት የሚያመጣው ስጋት ግን በባሕርዩ አንድ ነው።

እሳት ባይነሳም ውሉ በሌሎች ቦታዎች ይሳሳል። ለዝናብና ለማዕበል ተጨማሪ ሽፋን የገዛ ሰው ጣሪያውን በግንቦት አንስቶ ሰኔ ላይ ዝናብ ቢቀድመው፣ ውሃው የገባው ባለቤቱ ራሱ በከፈተው ቀዳዳ ስለሆነ ካሳ ማግኘት ይከብደዋል፤ ሽፋኑ የሚጠይቀው ማዕበሉ ራሱ ጣሪያውን መክፈቱን ነው። የስርቆት መድንም በተለምዶ የሰበራ ምልክት ይፈልጋል፤ በር ባልተገጠመለት፣ አጥሩ ለገልባጭ መኪና በተከፈተ ግቢ ውስጥ የትኛው ሰበራ ይታያል? ቤተሰቡ አቧራውን ሸሽቶ ዘመድ ቤት ቢገባ ደግሞ ሌላ አንቀጽ ይመጣል። ብዙ የእሳት መድን ውሎች ቤቱ ከተወሰነ ጊዜ በላይ፣ በተለምዶ ከ30 ቀን በላይ፣ ሰው ሳይኖርበት ከቆየ ሽፋኑ እንደሚቋረጥ ይናገራሉ።

«ካር» የሚሸፍነውና የሚተወው

ለግንባታ የተዘጋጀው መድን በባለሙያዎች ዘንድ «ካር» ተብሎ ይጠራል፤ የሥራ ተቋራጮች ሁሉን አቀፍ መድን ማለት ነው። በዓለም ላይ በሰፊው የሚሠራበት የውል ቅጽ የጀርመኑ ሙኒክ ሪ ያዘጋጀው ሲሆን፣ ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው በመሠራት ላይ ባለው ሥራና በዕቃው ላይ ለሚደርስ ጉዳት ነው፤ ሁለተኛው ሥራው በሦስተኛ ወገን ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ነው። መግዛት የሚችለውም ተቋራጩ ብቻ አይደለም፤ አሠሪው ባለቤትም ይችላል፤ የሚሻለው የሁለቱም ስም በአንድ ውል ላይ መስፈሩ ነው።

«ሁሉን አቀፍ» የሚለው ስም ግን ባለቤቱን ማዘናጋት የለበትም። በቃሊቲ አሠራር ላይ ሲመዘን ውሉ አራት ቦታ ላይ ይቆማል።

አንደኛ፣ አስቀድሞ የነበረው ቤት «ሥራው» ውስጥ አይገባም። ፎቅ ሲጨመር ሶለታው ተደርምሶ ምድር ቤቱን ቢጨፈልቀው፣ ካር የሚከፍለው ለሶለታው ነው። ምድር ቤቱ የሦስተኛ ወገን ንብረት ነው እንዳይባል፣ ባለቤቱ ራሱ መድን ገቢ ነው። ለዚህ ሲባል ነባር ንብረትን የሚያስገባ ተጨማሪ ስምምነት አለ፤ በሙኒክ ሪ ቅጽ 119 የሚል ቁጥር ይዟል። ካልተጠየቀ ግን አይጨመርም። ግንባታውን ተከትሎ የሚመጣው ከባዱ ኪሳራ የሚወድቀው በዚሁ በነባሩ ቤት ላይ ስለሆነ፣ እኔ ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይህ ነጥብ ነው።

ሁለተኛው ነጥብ መሬቱ ነው። የአቃቂና የቃሊቲ ሰፊ ክፍል ጥቁር አፈር፣ ዋልካ ነው። ዋልካ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ የላይኛውን ቤትም አብሮ ያነሳዋል፣ ያወርደዋል። በዚህ አፈር ላይ ከጎረቤት አጥር ሥር ለአዲስ ኮለን ጉድጓድ ሲቆፈር የጎረቤት ግድግዳ ቢሰነጠቅ የሚያስገርም አይሆንም። የካር ሁለተኛ ክፍል ግን በንዝረት ወይም የመሬት ድጋፍ በመነሳቱና በመዳከሙ የሚመጣን ጉዳት በመደበኛው ውል አይሸፍንም፤ ይህም ለብቻው የሚገዛ ስምምነት አለው፤ ቁጥሩ 120 ነው። ሽፋኑ ሲሰጥም መድን ሰጪው ከቁፋሮው በፊት የጎረቤቱ ቤት ደኅና እንደነበረ ማስረጃ ይፈልጋል። ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት ጎረቤት ባለበት የግድግዳውን ፎቶ ማንሳት ምንም አያስወጣም፤ በኋላ የሚመጣውን ክርክር ግን ግማሹን ያስቀራል።

በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ለሚያደርሰው ጉዳት፣ አደጋው ሊታሰብ የማይችል ቢሆን እንኳ፣ ኃላፊ ነው (አንቀጽ 2077)። «ጥፋቱ የግንበኛው ነው» የሚለው መከራከሪያ ባለቤቱን ከጎረቤቱ ጥያቄ አያድነውም፤ መጀመሪያ ከፍሎ ግንበኛውን መጠየቅ የሱ ፈንታ ነው።

ሦስተኛው የሥራ መቋረጥ ነው። የካር ውል ከጠቅላላ ክልከላዎቹ አንዱ አድርጎ፣ ሥራው በሙሉም ሆነ በከፊል በመቆሙ ምክንያት የሚመጣን ጉዳት ያስወጣል። ይህ ለትልቅ ተቋራጭ የተጻፈ አንቀጽ ነው፤ በቃሊቲ ግን የሥራ መቆም የተለመደው አካሄድ ነው። ሲሚንቶ ሲወደድ፣ እቁብ እስኪደርስ ወይም ውጭ አገር ያለው ልጅ እስኪልክ ድረስ ፌሮው ራቁቱን ወራት ይቆማል። የመድኑ ዘመን ግን ቀኑ የተቆረጠ ነው፤ ገንዘብ እስኪገኝ አይጠብቅም።

አራተኛው መግባት ነው። ሥራው ሳያልቅ ምድሩ ተለስኖ ተከራይ ይገባበታል። በካር ውል ደግሞ ለርክክብ የደረሰ ወይም አገልግሎት ላይ የዋለ ክፍል ከሽፋኑ ይወጣል። በዚያ ቀን የእሳት መድኑ አዲሱን ክፍል እንዲያካትት ካልተደረገ፣ የቤቱ አዲስና ውድ ክፍል ያለ ምንም ዋስትና ይቀራል።

የብሩ ዋጋና የተረሳው ልክ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ፌሮ፣ መስታወት፣ የኤሌክትሪክና የቧንቧ ዕቃ በቀጥታም በተዘዋዋሪም ከውጭ ምንዛሪ ጋር የተያያዙ ናቸውና ቤትን ከሥር እንደገና የመሥሪያ ዋጋ አብሮ ተነሳ። በፖሊሲው ላይ የተጻፈው የመድን ገንዘብ ልክ ግን ማንም ካልነካው ብድሩ በተወሰደበት ዓመት ግምት ላይ ቆሞ ይቀራል።

ይህ ለምን እንደሚጎዳ በምሳሌ ማየት ይቻላል። ቤቱ በ3 ሚሊዮን ብር መድን ገብቷል እንበል፤ ዛሬ እንደገና ለመሥራት ግን 6 ሚሊዮን ይጠይቃል። እሳት የ1 ሚሊዮን ብር ጉዳት ቢያደርስ ባለቤቱ 1 ሚሊዮን አያገኝም። ውሉ ቤቱ በግማሽ ዋጋው ብቻ መድን እንደገባ ስለሚቆጥር 500 ሺህ ይከፍለዋል፤ ከዚያም ላይ ተቀናሹ ይነሳል። አሁን በዚህ ላይ የ4 ሚሊዮን ብር ፎቅ ይጨመርበት። የቤቱ ዋጋ 10 ሚሊዮን ሲሆን ልኩ 3 ሚሊዮን ነው፤ ያው የ1 ሚሊዮን ብር ጉዳት የሚያስገኘው ካሳ ወደ 300 ሺህ ይወርዳል። ባለቤቱ ቤቱን ባሻሻለ ቁጥር መድኑ እየቀነሰ ሄደ ማለት ነው፤ አረቦኑን ግን አንድም ዓመት አላጓደለም።

ካሳውም ቢሆን በቀጥታ ወደ ባለቤቱ አይመጣም። መያዣ በሆነ ቤት ላይ የባንኩ ጥቅም በፖሊሲው ስለሚጻፍ፣ ቀሪው ብድር ያህል ቅድሚያ የሚወስደው ባንኩ ነው።

የመሬት መንቀጥቀጥንም ነገር እዚህ ላይ ማንሳት ተገቢ ነው። በ2017 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት ከአዋሽና ከፈንታሌ አካባቢ የተነሱት መንቀጥቀጦች አዲስ አበባ ድረስ ተሰምተዋል። ይህ ስጋት በተራው የእሳት መድን ውስጥ የለም፤ ተጠይቆና ተከፍሎበት የሚጨመር ነው። ኮንክሪቱ ገና ያልጠነከረ፣ በአጣና የተደገፈ ሶለታ ያለው ሰው ለዚህ ተጨማሪ ሽፋን ከማንም የበለጠ ምክንያት አለው።

ፎርማኑ መድን አይሆንም

«ችግር ቢመጣ ኮንትራክተሩ ይጠየቃል» የሚል እምነት በሰፊው አለ። በወረቀት ላይ መሠረት አለው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 3039 ተቋራጭ ለሠራው ሕንፃ ጥንካሬ ከርክክብ ጀምሮ ለ10 ዓመት ዋስ መሆኑን ይደነግጋል። የመኖሪያ ቤት ማስፋፊያ ግን በአብዛኛው የሚሠራው ፈቃድ ባለው ተቋራጭ ሳይሆን በፎርማን ነው። ዕቃውን ባለቤቱ ያቀርባል፤ ፎርማኑ የእጅ ዋጋ ይቀበላል፤ ውሉም ቢጻፍ አንድ ገጽ አይሞላም። መድን ሰጪው ለባለቤቱ ካሳ ከፍሎ ጥፋተኛውን በባለቤቱ ቦታ ሆኖ የመክሰስ መብት አለው፤ ንብረት የሌለውን ፎርማን ከሶ ግን ምን ያገኛል? ይህ የመድን ድርጅቶች እንዲህ ላለ ሥራ ሽፋን ለመስጠት ከሚያመነቱባቸው እውነተኛ ምክንያቶች አንዱ ነው።

ከመወጣጫ የወደቀ የቀን ሠራተኛ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ያስነሳል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። አሠሪው ፎርማኑ ነው ወይስ ገንዘቡን የሚከፍለው ባለቤት? ይህ አስቀድሞ በጽሑፍ ካልተለየ ክርክሩ የሚነሳው ሰው ከተጎዳ በኋላ ነው። የካር የሦስተኛ ወገን ክፍል በሥራው ላይ የተሰማሩ የመድን ገቢዎቹን ሠራተኞች ስለማይሸፍን፣ ለሠራተኞች ጉዳት ለብቻው መድን መግዛት ያስፈልጋል። ስለ ቤት መድን ሲወራ ይህ ነገር ሳይነሳ የሚታለፍ መሆኑ ያሳዝናል፤ እዚህ ላይ የሚጠፋው ሰው ነውና።

የግንባታ ፈቃድም የመድን ጉዳይ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን «ሀ»፣ «ለ» እና «ሐ» ብሎ ሲመድብ፣ ከሁለት ፎቅ በታች ያለ መኖሪያ ቤትን በቀላሉ ምድብ፣ በ«ሀ» ውስጥ አስገብቶት ነበር። ቀላል ምድብ ማለት ግን ያለ ፈቃድ ይሠራል ማለት አይደለም። ያለ ፈቃድ የተጨመረ ፎቅ ላይ ጉዳት ሲደርስ መድን ሰጪው ለመከራከር ሌላ ማስረጃ መፈለግ አያስፈልገውም።

ከዚህ በኋላ ምን ሊሆን ይችላል?

ነገሮች በራሳቸው ከቀጠሉ፣ ከሁሉ የሚቀርበው ውጤት ለውጥ አለመኖሩ ነው። የመድን ድርጅቶችን ስሌት መረዳት አያስቸግርም። ለአንድ የጓሮ ሰርቪስ የሚገኘው ተጨማሪ አረቦን ትንሽ ነው፤ መሐንዲስ ቃሊቲ ድረስ ልኮ ማስጎብኘት ያንኑ አረቦን ሊበላው ይችላል። ስለዚህ ደንበኛውን «ግንባታ አስበሃል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ደንበኛውም አይናገርም። ዝምታው ለሁለቱም የሚመች ይመስላል፤ አደጋ ሲደርስ ግን ጉዳቱ የሚያርፈው በአንዱ ላይ ብቻ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ፍርድ ቤት ነው። ግንባታ ስጋትን ማክበድ መሆኑና አለመሆኑ ሰበር ሰሚ ችሎት ደርሶ አስገዳጅ ትርጉም ቢሰጠው፣ የመድን ድርጅቶችም ባለቤቶችም የት እንደቆሙ ያውቃሉ። ነገር ግን ይህ መንገድ ዓመታት ይፈጃል፤ ለዚያ ትርጉም ሲባል መጀመሪያ የአንድ ቤተሰብ ቤት መውደም አለበት። ይህን እንደ መፍትሔ መቁጠር አልችልም።

ሦስተኛው መንገድ በሌሎች አገሮች የሚሠራበት ነው። በእንግሊዝ የቤት እድሳት ከተወሰነ የገንዘብ መጠን በታች ከሆነ በቤቱ መድን ውስጥ እንዲካተት፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ደንበኛው አስቀድሞ እንዲያሳውቅ የሚያደርጉ ውሎች አሉ። ይህን እዚህ ማምጣት ይቻላል፤ ዋጋው ግን የማይገነባው ደንበኛም በመጠኑ እንዲከፍል ማድረጉ ነው። ጥቂት ቤቶች ብቻ መድን በገቡበት ገበያ አረቦን መጨመር ያሉትንም ሊያርቅ ስለሚችል፣ ጥቅሙ ከጉዳቱ መብለጡ የሚወሰነው የገንዘብ ጣሪያው ዝቅ ብሎ በመቆረጡ ላይ ነው። የኢትዮጵያ መድን ሰጪዎች ማኅበር ይህን አንድ ዓይነት አንቀጽ አድርጎ ቢያረቀው፣ እያንዳንዱ ድርጅት ለብቻው ከሚጽፈው ይሻላል።

እኔ የማመዝነው ግን አራተኛውን፣ በባንክ በኩል ያለውን መንገድ ነው። ለቤት ማስፋፊያ ብድር የሚሰጥ ባንክ ግንባታ እንደሚጀመር ያውቃል። ገንዘቡን በየደረጃው የሚለቀው የራሱ መሐንዲስ ሄዶ ሥራውን እያየ ነው። ፖሊሲው በእጁ ነው፤ ጉዳት ቢደርስም የመጀመሪያው ካሳ ተቀባይ እሱ ነው። ይህ ሁሉ ሆኖ መያዣውን የሚጠብቀው መድን ለግንባታ ያልተዘጋጀ ሆኖ ይቀራል። ብድሩ ከመለቀቁ በፊት የግንባታ ማሳወቂያና የመድን ሰጪው የጽሑፍ ስምምነት እንዲቀርብ መጠየቅ ከአንድ ገጽ ቅጽ የበለጠ ሥራ የለውም። ባንኮችንም የመድን ድርጅቶችንም የሚቆጣጠረው አንዱ ብሔራዊ ባንክ ስለሆነ፣ ጉዳዩን ለመጀመር ሁለት መሥሪያ ቤት ማስማማት አያስፈልግም፤ አንድ መመሪያ ይበቃል። መመሪያው መውጣት አለበት።

መመሪያው እስኪወጣ ድረስ ኃላፊነቱ ባለቤቱ ላይ ነው። ጥቅምት ላይ ለመጀመር ያሰበ የቃሊቲ ባለይዞታ ከአሁኑ የፖሊሲውን ቅጂ ከባንኩ ይጠይቅ፤ የመድን ገንዘቡ ልክ ስንት እንደሆነ ያንብብ። ከዚያ የሚፈርሰውን፣ የሚጨመረውን፣ የሚጀመርበትንና የሚያልቅበትን ቀን፣ ቤተሰቡ እዚያው መቆየት አለመቆየቱን ጽፎ የግንባታ ፈቃዱን ቅጂ በማያያዝ ለመድን ሰጪው ያስገባ። ነባሩ ቤት በግንባታው ጊዜ መሸፈኑን፣ የጎረቤት ግድግዳ መካተቱን፣ ሥራው ቢቆም ምን እንደሚሆን በጽሑፍ መልስ ይጠይቅ። በስልክ የተነገረ «ችግር የለውም» አደጋ በደረሰ ቀን አይገኝም፤ ደብዳቤው የገባበትን ቀን የሚያሳይ ማኅተም ያረፈበትን ቅጂና የመድን ሰጪውን መልስ ይዞ ብቻ ግድግዳውን ያፍርስ።